የዐውደ ዓመት ጌጥና የመንገደኛ ከረጢት

የነገሥታቱን ዜና መዋዕል የጻፉት ጸሐፍት ዘመቻውንና ሹመቱን፣ የታነጸውን ቤተ ክርስቲያንና የተሰጠውን ርስተ ጉልት በየዘመኑ እየለዩ ሲያስተላልፉልን፣ ለአንድ ቀን በዓል ተጎንጉኖ በሳምንቱ የሚደርቀውን የሣር ጌጥ፣ ተማሪው ቁራሽ የሚያጠራቅምበትንና ዘማቹ በሶውን የሚቋጥርበትን ከረጢት ለመመዝገብ ግን ብራናቸውን አልዘረጉም። ይህም የሆነው ነገሩ ጥበብ የጎደለው ስለ ሆነ አይደለም፤ ሕዝቡ ሁሉ የሚያውቀውን መጻፍ ትርፍ ድካም ሆኖ ይቈጠር ስለ ነበረ ነው። ዛሬ ግን ሁሉ ያውቀው የነበረው ጥቂቶች ብቻ የሚያውቁት ሆኖ ስለ ቀረ፣ ስለ እነዚህ የቤት ውስጥ የእጅ ሥራዎች ያወቅነውን ያህል ጽፎ ማቆየት የሚገባ ሆኖ ታይቶኛል።

የሀገራችን የበዓል ጌጥ ከወቅቱ ቡቃያ የሚሠራ በመሆኑ፣ ታሪኩ ከባሕረ ሐሳቡ ጋር አብሮ የሚዞር ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ የፍልሰታ ጾም ከተፈጸመ በኋላ፣ ከነሐሴ 16 ቀን ጀምሮ በዋግ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በራያ ቆቦ ሶለል፣ በትግራይ አሸንዳ በተባለው በዓል፣ ልጃገረዶች ከመስክ የነቀሉትን ረጅም ለምለም ሣር በአንድ ልክ አሰናድተው፣ ጫፍ ጫፉን በገመድ ላይ እየቋጠሩ ወገባቸውን ይታጠቁታል። የሣሩ ርዝመት ከተዛነፈ ወይም ቋጠሮው ከላላ፣ ጨዋታው ገና ሳይጋጋል መታጠቂያው ይፈታል፤ ስለዚህ ታናሽዋ ከታላቅዋ አጠገብ ተቀምጣ ቋጠሮውን የምትማረው ከበዓሉ በፊት ነው። በጎጃምም በጳጉሜን መጨረሻ ልጃገረዶች እንግጫ የተባለውን ሣር ነቅለው፣ ጎንጉነው፣ አደይ አበባ ሰክተውበት፣ በዘመን መለወጫ ጧት ለቤተሰቡ በራስ ላይ፣ ለቤቱም በምሰሶው ላይ ያስሩለታል። ቤቱ ራሱ እንደ ሰው አዲሱን ዓመት በጌጥ እንዲቀበል መደረጉ፣ ከዚህ ሁሉ ሥርዓት እጅግ የምወደው ክፍል ነው።

መስከረም 1 ቀን፣ ሊቃውንቱ ዓመቱ የማቴዎስ ወይም የማርቆስ፣ የሉቃስ ወይም የዮሐንስ መሆኑን በሚያውጁበት በርእሰ ዐውደ ዓመት፣ ልጃገረዶቹ ነጭ ለብሰው አበባ ይዘው በየደጁ ሲዘፍኑ፣ ወንዶቹ ልጆች ደግሞ በእጃቸው የሣሉትን ሥዕል ለጎረቤትና ለዘመድ ያድላሉ። ይህ ልማድ በወረቀት ላይ የሚፈጸም በመሆኑ፣ አሁን ባለው መልኩ ወረቀት በየቤቱ ከመግባቱ በፊት ሊኖር እንደማይችል ግልጽ ነው፤ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ተከፍቶ፣ ከዚያም ሌሎች ተከትለው፣ ደብተርና እርሳስ ለልጅ እጅ ከቀረቡ በኋላ የተስፋፋ መሆን አለበት። የሥዕሉ ጠባይ ግን ከትምህርት ቤቱ የቀደመ ነው። ክንፉን የዘረጋው መልአክ፣ ሰይፉን የመዘዘው ቅዱስ ሚካኤል፣ ዓይኑ ትልቅ ሆኖ ፊቱ በሙሉ ወደ ተመልካቹ የዞረው ጻድቅ፣ ሁሉም ልጁ ከእናቱ ጋር ቆሞ ባስቀደሰበት በቤተ መቅደሱ ግድግዳ ላይ ያያቸው ናቸው። የጥንት ሠዓልያን ጻድቃንን በሙሉ ገጽ፣ ኃጥኣንንና አጋንንትን በጎን ገጽ መሣል ሥርዓታቸው ነበር፤ ይህን ሕግ ማንም ሳይነግረው የዘጠኝ ዓመት ልጅ በደብተር ወረቀት ላይ ሲጠብቀው ማየት፣ ትምህርት በዓይን ብቻ ከትውልድ ወደ ትውልድ እንደሚሻገር የሚያሳይ እውነተኛ ምስክር ነው። ከመልአኩ አጠገብ ፀሐይ ትወጣለች፤ አደይ አበባ ይፈነዳል፤ በዳርና በዳር ሐረግ ይሳባል። ሐረጉም ብራና ጸሐፊው በመጽሐፉ ራስጌ ላይ ከሚያኖረው ሐረግ የተቀዳ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። ልጁም ለሥዕሉ የሚቀበላትን ሳንቲም እንደ ልመና ሳይሆን እንደ ሥራው ዋጋ አድርጎ ወደ ቤቱ ይወስዳታል።

የዘንባባው ጌጥ ከዚህ ይለያል፤ እርሱ የሚሠራው በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ፣ በሆሳዕና ዕለት፣ ሥርዓቱ እየተፈጸመ ነው። በዚያ ቀን ካህናቱ ቤተ ክርስቲያኑን እየዞሩ፣ የአራቱን ወንጌላውያን ቃል በአራቱ ማዕዘን ሲያነቡ፣ ዘንባባ የታደለው ምእመን ቅጠሉን በጥፍሩ ቀጭን አድርጎ ይሰነጥቀዋል፤ አንዱን ስንጥቅ በጣቱ ላይ ጠምጥሞ፣ ጫፉን ከጥምጥሙ ሥር ያስገባና ቀለበት ያደርገዋል። ሁለቱን አቋርጦ ሲያጥፋቸው መስቀል ይወጣል፤ ሦስቱን ሲታታቸው የእጅ አምባር ወይም የራስ ማሰሪያ ይሆናል። በዚህ ሥራ መርፌም ክርም ሙጫም አይገባበትም፤ የሚይዘው እጥፋቱ ብቻ ነው። ሽማግሌው መስቀሉን ሠርተው ለአጠገባቸው ሕፃን ሲሰጡት፣ ሕፃኑ መልሶ ይፈታውና እንደ ገና ለማጠፍ ይሞክራል፤ ትምህርቱም እንዲሁ ይቀጥላል። በዚያው ዕለት፣ በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት ስለማይደረግ፣ በሳምንቱ ውስጥ ለሚያርፉ ሁሉ አስቀድሞ ጸሎተ ፍትሐት ይደገማል፤ ስለዚህ ያ የዘንባባ ቀለበት የደስታም የመታሰቢያም ምልክት ሆኖ እስከ ትንሣኤ በጣት ላይ ይቆያል። በቀዳም ሥዑር ደግሞ ካህናቱ ቃጭል እያቃጨሉ ቄጤማ ለምእመናን ያድላሉ፤ ርግብ ለኖኅ የጥፋት ውኃ መጉደሉን በለምለም ቅጠል እንዳበሠረችው ሁሉ፣ ምእመናኑ የትንሣኤውን ብሥራት በራሳቸው ላይ ያስሩታል።

በእነዚህ በዓላት ከቤት ወደ ቤት የሚዞረው ልጅ የሚሰጠውን የሚይዝበት ዕቃ ያስፈልገዋል። በቡሄ፣ ነሐሴ 13 ቀን፣ ጅራፉን ራሱ ገምዶ የሚያጮኸው ልጅ፣ በየደጁ ጨፍሮ የሚቀበለውን ሙልሙል የሚያኖረው በትከሻው ባንጠለጠለው ከረጢት ውስጥ ነው፤ በዓሉና ከረጢቱ የተያያዙት በዚህ ምክንያት ነው።

ከከረጢቶች ሁሉ ክብር የሚገባው የቆሎ ተማሪው አኩፋዳ ነው። ከወላጆቹ ቤት ተሰውሮ፣ ከጎንደር ወደ ጎጃም፣ ወደ ዋሸራ ወይም ወደ ሌላው የቅኔ ቤት የሚሻገረው ተማሪ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ ለውሻ መከላከያ በትሩን ይዞ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ የሚለምነውን ቁራሽ የሚያጠራቅመው በእርሱ ነው። አኩፋዳ ከሰሌን ወይም ከሣር የሚታታ፣ ማንገቻ ያለው፣ አየር የሚያስገባ ዕቃ ነው፤ የተለያየ ቤት እንጀራ በአንድነት ሲታጨቅበት ቶሎ እንዳይሻግት ያደርጋል። ተማሪው ራሱ ጎጆውን እንደሚቀልስ፣ ቀለሙን ከጥላሸት እንደሚበጠብጥ፣ ብዕሩን ከመቃ እንደሚቀርጽ፣ አኩፋዳውንም ሲቀደድ ራሱ ይጠግነዋል። በኋላ መምህር፣ መሪጌታ፣ አለቃ እየተባሉ በታላላቅ አድባራት የተሾሙት ሊቃውንት ሁሉ በዚህ ዕቃ ኖረዋል፤ የግእዝ ቅኔና የድጓው ዜማ ለእኛ የደረሰው፣ ያለ ማጋነን፣ በአኩፋዳ እንጀራ ነው።

ተማሪው ትምህርቱን ጨርሶ የራሱን ዳዊት ሲያጽፍ ደግሞ ሌላ ከረጢት ይመጣል፤ እርሱም ማኅደር ነው። ማኅደር በመጽሐፉ ልክ ከቆዳ ተቆርጦ፣ ታጥፎ፣ ዳርና ዳሩ በጠፍር ተሰፍቶ፣ ክዳንና ማንገቻ የሚደረግለት የመጽሐፍ ቤት ነው። በመደርደሪያ ፈንታ በዕቃ ቤቱ ግድግዳ ችካል ላይ በማንገቻው ስለሚሰቀል፣ መጽሐፉን ከአይጥ፣ ከርጥበትና ከጭስ ይጠብቀዋል፤ ቤተ ክርስቲያን በእሳት ወይም በጠላት በተደፈረች ጊዜም ካህኑ ብዙ መጻሕፍት በትከሻው አንግቶ ለመሸሽ ያስችለዋል። ስለ ብራናው ፋቂና ስለ ጸሐፊው፣ ስለ ሐረጉና ስለ ሥዕሉ ብዙ ተጽፏል፤ ማኅደሩን የሰፋው እጅ ግን እስከ ዛሬ ምስጋና አልተቀበለም። ያ እጅ ባይኖር ከብራናዎቻችን ስንቱ ለእኛ በደረሰ ነበር?

ቆዳውን በቤት የሚያለፋው ሰው ሥራው ከባድ ነበር። ጠጉሩን አራግፎ፣ በእምቧይ ፍሬ እያሸ፣ ቅባት እያጠጣ፣ ለብዙ ቀን ሲረግጠውና ሲያሻሸው ይኖር ነበር፤ ምርቱን ግን ሰው ሁሉ እየተጠቀመበት ሠሪውን «ፋቂ» እያለ ይንቀው ነበር። ሸማኔውም፣ ቀጥቃጩም፣ ሸክላ ሠሪዋም ከዚህ ንቀት አልዳኑም። ዐፄ ምኒልክ የእጅ ሥራ ሠሪውን የሚሰድበውን ሰው በአዋጅ ገሥጸዋል፤ ቢሆንም ልማዱ ከአዋጁ የበረታ ሆኖ ብዙ ዘመን ቆይቷል። ብዙው የእጅ ጥበባችን ሳይጻፍ የጠፋው፣ እኔ እንደማምነው፣ ከድህነታችን ይልቅ በዚህ ንቀታችን ምክንያት ነው።

የቆዳ ከረጢት ለዘመቻም እንዲሁ ያስፈልግ ነበር። በመስከረም 1888 ዓ.ም. ክተት በታወጀ ጊዜ፣ ወደ ዓድዋ የሄደው ሠራዊት አብዛኛውን ስንቁን የያዘው ከቤቱ ነው፤ በሶውን፣ ቆሎውን፣ ድርቆሹንና ቋንጣውን ያዘጋጁት ሴቶቹ ሲሆኑ፣ የተያዘበትም ሆዱ ሳይሰነጠቅ ከተገፈፈ የፍየል ቆዳ የሚወጣው ስልቻና ቀልቀሎ፣ እንዲሁም የእህል ማመላለሻው አቅማዳ ነው። ሴቶቹ ራሳቸው ገንዘባቸውን በመቀነታቸው ጫፍ ስለሚቋጥሩ የገንዘብ ከረጢት ብዙም አያሻቸውም ነበር።

በጨርቅ የሚሰፋው ከረጢት ወደ ቤት የገባው አቡጀዲው በየገበያው ከበዛ በኋላ ነው። ሴቶቻችን ከጥንት ጀምሮ ጥጡን በእንዝርት ሲፈትሉ፣ ስንደዶውንና አክርማውን በወስፌ እየሰፉ፣ አለላ እያስገቡ ሞሰቡንና አገልግሉን ሲያስጌጡ ኖረዋል፤ የመርፌውና የጥልፉ ሥራ ግን በጥንቱ ሥርዓት ይበልጡን የወንዶች ነበር። ይህ የተለወጠው የሴቶች ትምህርት ሲጀመር ነው። በ1924 ዓ.ም. የተከፈተው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ከቀለሙ ትምህርት ጋር የስፌት ሥራም ያስተምር ስለ ነበር፣ ከዚያም የስፌት መኪናው በየሰፈሩ ስለ ደረሰ፣ እናቶች ከአቡጀዲና ከካኪ ቁራጭ ለልጆቻቸው የደብተር ከረጢት መስፋትን ለመዱ፤ በክዳኑም ላይ የልጁን ስም በክር ጠለፉበት።

ይህ ገና የጀመረ የመርፌ ትምህርት ያልታሰበ ፈተና የደረሰበት በ1928 ዓ.ም. ነው። የፋሺስት አይሮፕላኖች በሰሜን ጦር ግንባር በሠራዊቱና በገበሬው ላይ የመርዝ ጋዝ ባዘነቡ ጊዜ፣ ሠራዊቱ የጋዝ መከላከያ ስላልነበረው፣ በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ በልዕልት ፀሐይ ዙሪያ የተሰበሰቡት የአዲስ አበባ ሴቶች ፋሻ ከማዘጋጀት አልፈው ከጨርቅ ከረጢት የሚመስል የፊት መሸፈኛ እየሰፉ ለዘማቾቹ ይልኩ ነበር። መርዙ ቆዳን የሚያቃጥል፣ እግሩ ባዶ የሆነውን ወታደር ከሥር የሚይዝ በመሆኑ፣ የተሰፋው ጨርቅ ሊያድን የሚችለው ጥቂት ነበር። ነገር ግን የዓለም መንግሥታት ማኅበር በጄኔቭ ተሰብስቦ ቃል ሲያበዛ፣ የሀገሪቱ ሴቶች በመርፌና በክር የቻሉትን መሥራታቸው በታሪካችን ውስጥ በወርቅ ቀለም ሊጻፍ የሚገባው ነው።

ከነጻነት በኋላ ያለው ነገር ለሁሉም የቅርብ ስለ ሆነ አላረዝመውም። የታተመው ፖስትካርድ የልጁን መልአክ ተካው፤ አሁን ደግሞ ሥዕሉን በፎቶ ኮፒ አባዝቶ ማደል ተለምዷል። የቤቱን ከረጢት ፌስታል አባረረው። ቀጥሎም ፌስታሉ ወንዙንና እርሻውን ስለ ሞላው፣ በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጠውን የፕላስቲክ ከረጢት ከለከለ፤ ይህም ስላልበቃ በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የፕላስቲክ ከረጢትን የሚያግድ ሌላ አዋጅ አጽድቋል። እንግዲህ አያቶቻችን በአቡጀዲ ቁራጭና በአንድ ድርብ ክር ይፈጽሙት የነበረውን ነገር ዛሬ ሕግ ሆኖ እንድንፈጽመው ታዘናል ማለት ነው።

አንባቢ ሆይ፣ በቤትህ እንግጫ መጎንጎን፣ ዘንባባ ማጠፍ ወይም አኩፋዳ መታታት የሚያውቁ እናት፣ አያት ወይም መሪጌታ ካሉ፣ ሌላ ዓመት ሳትጠብቅ አጠገባቸው ተቀምጠህ ተማር፤ የተማርከውንም ለልጅህ አሳየው፤ ቢቻልህ ደግሞ ከነአሠራሩ ጻፈው። በመጪው ጳጉሜንም ለልጅህ ንጹሕ ወረቀትና ቀለም ግዛለትና መልአኩን በራሱ እጅ ይሣል።