ምሽግ (ቼዝ)

ምሽግ በቼዝ ጨዋታ በጠጠር የተበለጠ ተጫዋች፣ ተጋጣሚው ሊሰብረው የማይችል መከላከያ ይዞ አቻ የሚወጣበት አቋም ነው።

ለምሳሌ የነጩ ተጫዋች ንጉሥ፣ በነጭ ቤቶች የሚሄድ ቢሾፕና በቀኝ ጠርዙ አንድ ወታደር ቢቀሩት፣ ጥቁሩ ደግሞ ንጉሡ ብቻ ቢቀረው፣ ይህ ንጉሥ ወታደሩ ንግሥት ወደሚሆንበት ማዕዘን ከደረሰ ጨዋታው አቻ ነው። ማዕዘኑ ጥቁር ቤት ስለሆነ ቢሾፑ አይደርስበትም፤ መውጫው ሁሉ ቢዘጋም ንጉሡ ሳይጠቃ መንቀሳቀሻ ስለሚያጣ በሕጉ አቻ ይሆናል።

የቼዝ ፕሮግራሞች ጠጠሮችን በነጥብ እየመዘኑ የተወሰኑ እርምጃዎችን አስቀድመው ያሰላሉ። ምሽግ ግን የቱንም ያህል ቢሰላ አይለወጥም፤ ስለዚህ ማሸነፍ በማይቻልበት አቋም ትልቅ ብልጫ ሊያሳዩ ይችላሉ። ንጉሦቹን ጨምሮ እስከ 7 ጠጠር ያላቸው አቋሞች ውጤት ተሰልቶ ተመዝግቧል፤ መዝገቡን የሚጠቀም ፕሮግራም ከላይ ባለው ምሳሌ አይሳሳትም። ጠጠሮቹ ከዚያ ሲበዙ ግን ፕሮግራሙ የሚያሳየው ቁጥር ብቻውን የማሸነፍ ማስረጃ አይሆንም።