ሶል፣ ዶ፣ ሚ

ስሙኝማ አቦ! በተለይ እናንተ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ውስጥ ሙቀቱ በረድ ሲል ጊታር ታቅፋችሁ በረንዳ ላይ የምትቀመጡ፣ እስቲ ጆሯችሁን አውሱኝ።

በ1969 ዓ.ም ክረምት የሶማሊያ ጦር ድሬዳዋ ደጃፍ ደርሶ ተመለሰ። ወራት አለፉና ኩባውያን መጡ፤ በ1970 ዓ.ም ከእኛ ሠራዊት ጎን ተሰልፈው ጅጅጋን አስለቀቁ። የታንኩን ነገር ሌላ ሰው ይተርክላችሁ። እኔ የማወጋችሁ እነዚያ ሰዎች በአገራቸው፣ በሰላሙ ቀን፣ ስለሚመቱት መሣሪያ ነው። ትሬስ ይሉታል።

ትሬስ ጊታር ይመስላል። ክሮቹ ግን ጥንድ ጥንድ ሆነው በሦስት መስመር ተወጥረዋል። ጥንድ ክር ለድሬ ጆሮ እንግዳ አይደለም፤ የዚችው ከተማ ልጅ ዓሊ ቢራ ይጫወተው የነበረው ዑድም አብዛኛው ክሩ ጥንድ ነው። ትሬስ ከምሥራቅ ኩባ ገጠር ተነሥቶ፣ ሶን የተባለውን ሙዚቃ ይዞ ሃቫና ገባ። በኋላ በልጅነቱ ዓይኑ የጠፋው አርሴኒዮ ሮድሪጌዝ ፒያኖ፣ ኮንጋና ተጨማሪ ትራምፔቶች አስገብቶ የሶኑን ባንድ አሰፋው። ትሬሱን ግን ከእጁ አላወጣም።

ታዲያ ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ዘጠነኛ፣ አሥራ አንደኛ፣ አሥራ ሦስተኛ የሚባሉ ረጃጅም ኮርዶች አሉ። የዶ ዘጠነኛ ብቻውን ዶ፣ ሚ፣ ሶል፣ ሲ ቤሞልና ሬን ይጠይቃል። ሦስት ጥንድ ክር በአንድ ምት አምስት ድምፅ ከየት ያመጣል? አያመጣም! ስለዚህ ይበትነዋል፤ ድምፆቹን አንድ በአንድ ያወጣቸዋል። አርፔጅዮ ማለት ይኸው ነው። ከቸኮላችሁ ዶን ለቤዝ ተጫዋቹ ተዉለት፤ ሚ፣ ሲ ቤሞልና ሬ ከተሰሙ ኮርዱ ማንነቱን አይደብቅም።

«ትሬስ ከየት እናምጣ?» ትሉኝ ይሆናል። ጊታራችሁን አምጡ! ሦስተኛዋ ክር ሶል ናት፣ አንደኛዋ ሚ። መሀል ያለችውን ሲ በግማሽ ድምፅ አጥብቋት፤ ዶ ሆነች። ሶል፣ ዶ፣ ሚ፦ የትሬስ ቅኝት ይህ ነው። ከላይ ያሉትን ሦስት ወፋፍራም ክሮች ለጊዜው እርሷቸው።

አሁን ቀስ እያላችሁ ምቱ። ሶልን ክፍቷን፣ ከዚያ ሁለተኛ ፍሬት ላይ ላ። ዶን ክፍቷን፣ ከዚያ ሁለተኛ ፍሬት ላይ ሬ። በመጨረሻ ሚ ክፍቷን። ምን ሰማችሁ? ትዝታ ነዋ! ትዝታ ሜጀር፣ እንዳለ! የጃዝ ሰዎች እነዚህኑ አምስት ድምፆች ዶ ስድስት-ዘጠኝ ኮርድ ይሏቸዋል። ክራር መቺው በትዝታ ቃኝቶ ክሮቹን አንድ ላይ ሲያስጮኻቸው የኖረው ኮርድ ነው፤ ስሙን ማንም ሳይነግረው።

አሁን ደግሞ ላ ላይ ያለችውን ጣት አንድ ፍሬት ብቻ አሻግሯት። ሲ ቤሞል መጣ፤ ትዝታው ተነሥቶ ሄደ፣ የዶ ዘጠነኛ ቁጭ አለ። ከክራር ወደ ኩባ ያለው መንገድ አንድ ፍሬት ነው ብል አጋነንክ አትበሉኝ። ሙላቱ አስታጥቄም እ.ኤ.አ. በ1966 ኒውዮርክ ላይ የላቲንን ምት ከኛ ቅኝት ጋር ያገናኘው ያለ ምክንያት አይመስለኝም።

ልምምዱ ግን ጣት ብቻ አይደለም። ብዙ ጀማሪ አምስቱን ድምፅ በሽምጥ ይወጣቸውና ቻልኩ ይላል። አልቻለም! ኩባውያን አርፔጅዮውን ከምቱ እያስመለጡ ነው የሚመቱት፣ ጓሄዮ ይሉታል። እግራችሁ «አንድ» ብሎ መሬት ይምታ፤ እጃችሁ በ«አንድ» እና በ«ሁለት» መካከል ይግባ። እግሩ ከተሳሳተ ፍጥነቱን ቀንሱ፤ ጣቱን አትውቀሱት።

እና የሳቢያን ልጆች፣ ዛሬውኑ ሞክሩት። ሁለተኛዋ ክር የዛገች ከሆነች ግን ከማጥበቃችሁ በፊት ቀይሯት፤ ትበጠሳለች።