የጥልቅ ባሕር ወለል ፎራሚኒፌራ፦ በዓባይ መዳረሻና በቀይ ባሕር

ፎራሚኒፌራ አካላቸው ከአንዲት ህዋስ ብቻ የተሠራ፣ አብዛኞቹም ዛጎል የሚያበጁ የባሕር ፍጡራን ናቸው። በጥልቅ ባሕር ወለል የሚኖሩት በአብዛኛው ከጤፍ ፍሬ ያንሳሉ፤ ዝርያቸውን ለመለየት ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል። እንስሳት አይባሉም፤ ዕፅዋትም አይደሉም። ከመካከላቸው ጥቂት ዝርያዎች በባሕሩ ገጽ አጠገብ ሲንሳፈፉ፣ የሚበዙት ግን በወለሉ ላይ ወይም በጭቃው ውስጥ ይኖራሉ።

ይህ መጣጥፍ የሚያተኩረው በሁለት ባሕሮች ወለል ላይ ነው፦ በምሥራቅ ሜዲትራኒያንና በቀይ ባሕር። ካርቱም ከሁለቱም ርቃ በመሬት የተከበበች ከተማ ብትሆንም ሁለቱም ይነኳታል። ለሺህ ዓመታት የሜዲትራኒያንን ጥልቅ ወለል ዕጣ የወሰነው ውሃ በአብዛኛው በእርሷ በኩል አልፏል፤ የቀይ ባሕርን ጥልቅ ወለል በከፊል የሚገዛው ስምምነትም የተፈረመው በእርሷ ነው። በጽሑፉ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አካልና ዛጎል

ከዛጎሉ የሚወጡ ቀጫጭን የአካል ዝርጋታዎች እርስ በርስ እየተገናኙ መረብ ይሠራሉ። ፍጡሩ የሚመገበውም የሚንቀሳቀሰውም በዚህ መረብ ነው። ዛጎሉ እንደ ዝርያው ይለያያል፤ አንዳንዱ ከኖራ ይሠራዋል፣ አንዳንዱ የአሸዋ ቅንጣት ለቅሞ ያጣብቃል፣ አንዳንዱ ደግሞ ስስና ለስላሳ ሽፋን ብቻ ይበቃዋል። ይህ ልዩነት በጥልቀት ላይ ትርጉም አለው። በብዙ የውቅያኖስ ክፍሎች ከ4,000 እስከ 5,000 ሜትር ገደማ ሲወረድ ኖራ ይሟሟልና፣ ከዚያ በታች የሚበዙት አሸዋ ለቃሚዎቹና ለስላሶቹ ናቸው። ካይኮ የተባለው የጃፓን ሰው አልባ ጠላቂ ከፓስፊክ ውቅያኖስ ቻሌንጀር ጉድጓድ፣ ከ10,896 ሜትር ጥልቀት ባመጣው ጭቃ ውስጥ በሕይወት የተገኙት ፎራሚኒፌራዎች በ2005 ሲገለጹ፣ ግድግዳቸው ለስላሳ የሆኑት ጎልተው ታይተዋል። ቀይ ባሕርም ሜዲትራኒያንም ኖራ እስኪሟሟ ድረስ የሚያሰጋ ጠባይ የላቸውም፤ በሁለቱም ዛጎል በደንብ ይቆያል።

ምግብና ኦክስጅን

ብርሃን በማይደርስበት ወለል ላይ የሚበላው ከላይ የሚወርደው ነው፦ የሞተ ፕላንክተን፣ የእንስሳት ኩስ፣ ብስባሽ። እንግሊዛዊው አንድሩ ጉዴይ በ1988 ባሳተመው ጥናት፣ በሰሜን ምሥራቅ አትላንቲክ በጸደይ የፈላው አልጌ ሞቶ ወደ ወለሉ ሲወርድ አንዳንድ ጥቃቅን ዝርያዎች ወዲያው ሰፍረውበት እንደሚራቡ አሳይቷል። ቀደም ሲል የጥልቁ ወለል ወቅት የማይለይበት ስፍራ ይመስል ነበር።

በጭቃው ውስጥም ቢሆን ሁሉም በአንድ ደረጃ አይኖርም። ብሩስ ኮርሊስ በ1985 እንዳመለከተው ከፊሎቹ ላዩ ላይ ይቀመጣሉ፣ ከፊሎቹ በርካታ ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ይዘልቃሉ። ሲቢሲዶይደስ የተባለው ወገን ከላይ፣ ኡቪጀሪና ከሥሩ፣ ግሎቦቡሊሚና ደግሞ ከሁሉም በታች ይገኛል። ፍራንስ ዮሪሰንና ባልደረቦቹ በ1995 ይህን በሁለት ነገር አስረዱት። ምግቡ ጥቂት ከሆነ ላይ ያሉት ይጨርሱታል፤ ወደ ታች የሚያስወርድ ጥቅም የለም። ምግቡ ከበዛ ደግሞ ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል፤ መውረድ የሚያዋጣው ትንፋሽ ሲያጥረው ለሚችል ብቻ ይሆናል። ሰፊው የመኖሪያ ቦታ የሚገኘው በሁለቱ መካከል ነው። ሞዴሉ ዛሬም ያገለግላል፤ ሆኖም ሁሉን ነገር እንደማያስረዳ የሚናገሩ አሉ። በ2006 የወጣ ጥናት አንድ የግሎቦቡሊሚና ዝርያ ኦክስጅን ሲያጣ ናይትሬትን ተጠቅሞ መተንፈስ እንደሚችል ካሳየ ወዲህ፣ «ኦክስጅን የሌለበት ሁሉ ሞት ነው» የሚለው አባባል ሊላላ ግድ ሆኗል።

ሕያዋኑን ከሙታኑ መለየት ራሱ ቀላል አይደለም። የተለመደው መንገድ ናሙናውን ሮዝ ቤንጋል በተባለ ቀይ ቀለም መንከር ነው፤ ነገር ግን ቀለሙ የሞተውንና ገና ያልበሰበሰውንም አካል ያቀላል። ስለዚህ በኦክስጅን ድሃ ጭቃ ውስጥ የሚቆጠሩ «ሕያዋን» በጥንቃቄ መታየት አለባቸው።

የጥናት ታሪክ

ፈረንሳዊው አልሲድ ዶርቢኒ በ1826 ስም ሲሰጣቸው የኦክቶፐስ ዘመዶች መስለውት ነበር፤ የአገሩ ልጅ ፌሊክስ ዱዣርዳን በ1835 አረመው። ቻሌንጀር የተባለችው የእንግሊዝ መርከብ ከ1872 እስከ 1876 ከሰበሰበችው ናሙና ሄንሪ ብሬዲ በ1884 ያሳተመው ጥራዝ እስካሁን ይጠቀሳል።

በዓባይ ሸለቆ ግን ወሬያቸው ከዚህ ሁሉ ይቀድማል። የግሪኩ ተጓዥ ስትራቦ በጊዛ ፒራሚዶች ሥር የተበተኑ ምስር መሳይ ድንጋዮች አይቶ፣ ሰዎቹ ከግንበኞቹ ምግብ የተረፈ ምስር ወደ ድንጋይ ተለውጦ ነው እንደሚሉ መዝግቧል። እንዲህ ያለ ድንጋይ በአገሩም መኖሩን ጠቅሷል። «ምስሮቹ» ኑሙላይትስ የተባሉ፣ በኢዮሲን ዘመን ጥልቀት በሌለው ሞቃት ባሕር የኖሩ ትላልቅ ፎራሚኒፌራዎች ናቸው። የጥልቅ ወለል ነዋሪዎች ባይሆኑም ከቤተሰቡ ሁሉ ዝነኞቹ እነርሱ ስለሆኑ መዝለል ያስቸግራል።

ከአካባቢው ተመራማሪዎች ግብፃዊው ሩሽዲ ሰዒድ ቀዳሚ ስፍራ አለው። በኋላ በዓባይ ወንዝ ጂኦሎጂ መጻሕፍቱ የታወቀው ይህ ሰው፣ በ1949 የሰሜን ቀይ ባሕርን ፎራሚኒፌራ የሚገልጽ ሥራ አሳትሟል። ካወጣቸው ስሞች አንዱ ሲቢሲደስ ማባሄቲ ነው፤ ማባሂት ከተባለችው የግብፅ የምርምር መርከብ የተወሰደ ሲሆን፣ ዝርያው ዛሬም የቀይ ባሕርን ጥልቅ ውሃ ታሪክ ለማንበብ ያገለግላል።

ጥቁሩ ንብርብር

የስዊድን መርከብ አልባትሮስ ከ1947 እስከ 1948 ዓለምን ስትዞር ከምሥራቅ ሜዲትራኒያን ወለል ረጃጅም የደለል ዓምዶች አወጣች። በፈዛዛው ጭቃ መካከል ጥቋቁር ንብርብሮች ተጋድመው ነበር። ሳፕሮፔል ይባላሉ። በንብርብሩ ውስጥ ከላይ ይንሳፈፉ የነበሩት ዛጎሎች ሞልተዋል፤ የወለሉ ነዋሪዎች ግን ከጥልቅ ቦታዎች ጨርሰው ጠፍተዋል።

አጠፋፋቸው ተራ አለው። ወደ ጥቁሩ ንብርብር ሲቀረብ በመጀመሪያ ብዙ ኦክስጅን የሚሹት ሲቢሲዶይደስና መሰሎቹ ይመነምናሉ። ቦታቸውን ቡሊሚና፣ ቺሎስቶሜላና ግሎቦቡሊሚና ይወርሱታል። ከዚያ እነርሱም ይሄዳሉ። ከንብርብሩ በላይ መጀመሪያ የሚመለሱት ጥቂት ቸኳይ ዝርያዎች ናቸው፤ ቀድሞ የነበረው ስብጥር እስኪመለስ ጊዜ ይወስዳል።

የመጨረሻው ንብርብር፣ ኤስ1 የሚባለው፣ ከ10,800 እስከ 6,100 ዓመት ገደማ በፊት የተጣለ ነው። በዚያ ዘመን ከ1,800 ሜትር በታች ያለው የምሥራቅ ሜዲትራኒያን ውሃ በአብዛኛው ኦክስጅን አልነበረውም ተብሎ ይታመናል።

ምክንያቱ ምንድን ነው? ፈረንሳዊቷ ማርቲን ሮሲኞል ስትሪክ ከባልደረቦቿ ጋር በ1982 ባወጣችው ጽሑፍ ጣቷን ወደ ዓባይ ቀሰረች። የምድር ዛቢያ ቀስ ብሎ ሲዞር በ20 ሺህ ዓመታት ገደማ አንዴ የሰሜኑ ንፍቀ ክበብ በጋ የሚያገኘው ፀሐይ ይበረታል፤ ሞንሱን የሚባለው ዝናብ አምጪ ነፋስ ይጠነክራል፤ በኢትዮጵያ ደጋ ክረምቱ ይበዛል። ዛሬም ቢሆን አስዋን ከሚደርሰው ውሃ 85 በመቶ ገደማው ከኢትዮጵያ የሚነሣ ነው፤ ከዚህም ትልቁን ድርሻ የያዘው ጥቁር ዓባይ ካርቱም አል ሞግራን ላይ ከነጭ ዓባይ ጋር ይገናኛል። (አትባራ ግን ከካርቱም በስተሰሜን ስለሚቀላቀል ከተማዋን አያያትም።) ይህ ሁሉ ጨው አልባ ውሃ ባሕሩ ላይ ሲዘረጋ ቀላል በመሆኑ ከላይ ይቀራል። ከላይ ወደ ታች አየር የሚያወርደው የውሃ መስመጥ ይዳከማል። ጥልቁ የነበረውን ኦክስጅን ጨርሶ ይታፈናል።

ማብራሪያው ያማረ ቢሆንም ተቃዋሚ አላጣም። አንዱ ወገን ዋናው ነገር የአየር እጥረት ሳይሆን የምግብ ብዛት ነው ይላል፦ ወንዙ ያመጣው ንጥረ ነገር ከላይ ያለውን ሕይወት አበዛ፣ የወረደውም ብስባሽ ኦክስጅኑን በላ። ሁለተኛው ክርክር ስለ ውሃው ምንጭ ነው። ስዊድናዊው ኤሪክ ኦላውሰን በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከበረዶ ዘመን ቅላጭና ከጥቁር ባሕር የመጣ ውሃ አስቦ ነበር፤ ይሁንና በርካታዎቹ ንብርብሮች የተጣሉት ሞንሱን ከበረታባቸው ጊዜያት ጋር ተመሳስለው መገኘታቸው ለዚህ ሐሳብ አልተመቸም። ሌሎች ደግሞ፣ በተለይ ወደ 125 ሺህ ዓመት ገደማ ለሚጠጋው ኤስ5፣ ዛሬ በሊቢያ በረሃ አሸዋ ሥር የተቀበሩ ጥንታዊ ወንዞች ድርሻ ነበራቸው ብለው ማስረጃ አቅርበዋል። አሁን የሚያመዝነው አስተያየት መታፈኑም ምግቡም ተባብረዋል የሚለው ይመስላል። በዚህ መጣጥፍ አዘጋጅ ግምት ከወለሉ ነዋሪዎች የመጥፋት ተራ አንጻር የኦክስጅኑ ነገር ሚዛን ይደፋል፤ ምግብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ግሎቦቡሊሚና ጥጋብ እንጂ ሞት ባልገጠመው ነበር።

የወንዙን ጎርፍ የሚመሰክረው የባሕር ጭቃ ብቻ አይደለም። ሄንሪ ላምብና ባልደረቦቹ በ2007 እንዳሳተሙት ጣና ሐይቅ በበረዶ ዘመን ማብቂያ ደርቆ፣ ከ15 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ዳግም ሞልቶ ወደ ዓባይ ፈስሷል። አንቶኒ አርኬል ከ1944 እስከ 1945 በካርቱም ሆስፒታል አጠገብ የቆፈረው መንደር ደግሞ ወንዙ ሲሞላ ከዛሬው በብዙ ሜትር ከፍ ይል በነበረበት ዘመን የተሠራ ነው። በዚያ የተገኙት የአጥንት ጦሮችና በሞገድ መስመር ያጌጡ የሸክላ ስባሪዎች ዓሣ እያጠመደ ይኖር የነበረ ሕዝብ ያሳያሉ፤ ዘመናቸውም በጥቅሉ ከኤስ1 ጋር ይገጥማል። ማርቲን ዊሊያምስና ዶናልድ አዳምሰን በ1982 በማዕከላዊ ሱዳን ላይ ያዘጋጁት መጽሐፍ የሁለቱን ዓባዮች ጥንታዊ ከፍታ ከቀንድ አውጣ ዛጎሎች ጭምር መርምሯል።

ቀይ ባሕር

ወደ ቀይ ባሕር ዓመቱን ሙሉ የሚገባ ወንዝ የለም። ውሃ የሚያገኘው በባብ ኤል መንደብ በኩል ነው፤ በዚያም የሐኒሽ ደፍ 137 ሜትር ብቻ ጥልቀት አለው። በዚህ የተነሣ ባሕሩ ከ2,500 ሜትር በላይ ቢጠልቅም ቀዝቃዛ ውሃ አይገባውም። ከ300 ሜትር ገደማ ጀምሮ እስከ ወለሉ ሙቀቱ 21.7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ጨዋማነቱ 40.6 በሺህ አካባቢ ነው፤ በውቅያኖሶች የዚህን ወለል በሚያህል ጥልቀት ላይ የሚጠበቀው ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ነው። በሙቀቱ ምክንያት ባክቴሪያዎች የሚወርደውን ምግብ በመንገድ ይጨርሱታል። ስለዚህ ወለሉ የሚያኖረው ሕይወት ጥቂት ነው።

በበረዶ ዘመን የዓለም ባሕር በ120 ሜትር ገደማ ሲወርድ ደፉ ሊዘጋ ተቃረበ። የቀይ ባሕር ጨዋማነት ወደ 50 በሺህና ከዚያ በላይ ወጣ። የሆነውም ከሜዲትራኒያን የተገላቢጦሽ ነው፤ ከላይ የሚንሳፈፉት ዝርያዎች ጠፉ፣ በወለሉ ግን ጨው የሚችሉ ሚሊዮሊድ የተባሉ ወገኖች በብዙ ቦታ ሰነበቱ። ማርክ ሲዳልና ባልደረቦቹ በ2003 በቀይ ባሕር ዛጎሎች ውስጥ ያለውን የኦክስጅን አይሶቶፕ ተጠቅመው የዓለምን ባሕር ከፍታ ታሪክ የጻፉት ከዚህ ጠባብ ደፍ የተነሣ ነው።

የካርቱም ስምምነት

አልባትሮስ በ1948 በቀይ ባሕር ስታልፍ በሱዳንና በሳዑዲ ዓረቢያ መካከል ያልተለመደ ሙቀትና ጨው መዝግባ ነበር። አትላንቲስ 2 የተባለችው የአሜሪካ መርከብ በ1965 እዚያው 56 ዲግሪ የሚደርስ ጨው የጠገበ ውሃ አገኘች። ውሃው የተኛበት ጉድጓድ ስሟን ወሰደ፤ 2,000 ሜትር በሚጠጋ ጥልቀት የተኛው ጭቃው ዚንክ፣ መዳብና ብር ይዟል።

ሱዳንና ሳዑዲ ዓረቢያ ግንቦት 16 ቀን 1974 በካርቱም በተፈራረሙት ስምምነት በመካከላቸው ያለውንና ጥልቀቱ ከ1,000 ሜትር የሚበልጠውን ወለል የጋራ ቀጠና አደረጉት። የጋራ ኮሚሽኑ በ1979 ሴድኮ 445 በተባለች መርከብ ጭቃውን ለሙከራ አስመጠጠ። በጎን የሐምቡርጉ ያልማር ቲል የመሩት የአካባቢ ጥናት ተካሂዷል፤ የቀይ ባሕር ጥልቅ ወለል ሕይወት ምን ያህል ሳሳ ያለ እንደሆነ በስፋት የታወቀው ያኔ ነው። በጨዋማው ውሃ ሥር የሚገኙት ዛጎሎች ከላይ የወረዱ እንጂ እዚያ የኖሩ አይደሉም። በ2010 ለ30 ዓመት የሚቆይ የማዕድን ፈቃድ ተሰጥቷል።

በኢትዮጵያ ዓለቶች

ከጥልቁ ወለል ውጭ የፎራሚኒፌራ ቅሪት በየብስ ዓለቶችም ይገኛል፤ በትግራይና በዓባይ ሸለቆ የሚታየው የአንታሎ የኖራ ድንጋይ በጁራሲክ ዘመን አካባቢውን ከሸፈነ ባሕር የቀረ ነው። ኩርኑቢያና ናውቲሎኩሊና የተባሉ ፎራሚኒፌራዎች ተገኝተውበታል። ሁለቱም ጥልቀት የሌለው ባሕር ነዋሪዎች ናቸው።