በሞተር ሙቀት የሚሠራ ገመድ አልባ ሴንሰር

በጋለ ሞተር ላይ ተተክሎ ሙቀትን፣ ግፊትንና ንዝረትን እየለካ መረጃውን በሬዲዮ ሞገድ የሚልክ፣ የሚሠራበትንም ኃይል ከዚያው ከሞተሩ የሚያገኝ መሣሪያ ነው። በተለይ ለጄት ሞተርና ለጋዝ ተርባይን ይፈለጋል።

ገመድ በዚህ ስፍራ ሸክም ነው፤ ክብደት ይጨምራል፣ በሙቀትና በንዝረት ይበጠሳል፣ በሚሽከረከር የተርባይን ምላጭ ላይ መዘርጋቱም ትልቅ ፈተና ነው። ባትሪም አያዛልቅም፤ በብዙ ባትሪዎች ውስጥ ያለው ሊቲየም በ180 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይቀልጣል። ስለዚህ ኃይሉ የሚፈለገው ከሙቀቱ ከራሱ ነው።

የዚህ ዘዴ መነሻ የፊዚክስ ሊቁ የቶማስ ዮሐን ዜቤክ ግኝት ነው። ዜቤክ እ.ኤ.አ. በ1821 የሁለት የተለያዩ ብረቶችን አንድ መጋጠሚያ ሲያሞቅ የኮምፓስ መርፌ ሲዞር አየ። እርሱ ማግኔት መሰለው እንጂ የተፈጠረው የኤሌክትሪክ ፍሰት ነበር። ብዙዎች የሚስቱት ነገር ቢኖር ኃይሉን የሚያመነጨው ሙቀቱ ብቻውን ሳይሆን የሙቀት ልዩነቱ መሆኑን ነው፤ ሁለቱም ጎን እኩል ከጋለ ምንም አይገኝም። አንዱን ጎን ማቀዝቀዝ ግድ ይላል። ንዝረትም በፒዞኤሌክትሪክ ቁስ አማካይነት ወደ ኤሌክትሪክ ይቀየራል።

ከሁሉ የከበደው ግን ኤሌክትሮኒክሱ ነው። ተራ የሲሊከን ቺፕ 150 ዲግሪን ብዙም ሳያልፍ ይከዳል። የናሳ ግሌን የምርምር ማዕከል የሲሊከን ካርባይድ ቺፖችን በ500 ዲግሪ ለሺዎች ሰዓታት ማሠራቱ ለዘርፉ እውነተኛ እመርታ ነው። ከላንጋሳይት ክሪስታል የሚሠሩ ሴንሰሮች ደግሞ የራሳቸው የኃይል ምንጭ እንኳ አያሻቸውም፤ ከውጭ የተላከላቸውን የሬዲዮ ምት የሙቀቱን ልክ አሳርፈውበት ይመልሳሉ።