ከሳሽ፣ ወፍ፣ ጆሮ ጠቢ

ከባቱ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በምትገኘው ቡልቡላ ኦሮምኛና አማርኛ ጎን ለጎን ይነገራሉ። ሁለቱ ቋንቋዎች በክስ ጉዳይ ላይ ይገናኛሉ። በኦሮምኛ «ሂሙ» መንገር ነው፤ «ሂመታ» የሚለው የክስ ስምም የሚወጣው ከዚሁ ነው። አማርኛም «ነገረ» ከሚለው ግስ ጋር የተዛመደውን «ነገር» ለሙግት አውሎታል፤ ሙግት የሚወድም «ነገረኛ» ይባላል።

ይሁን እንጂ የነገረ ሁሉ ከሳሽ አይደለም። በጥንቱ የሙግት ሥርዓት ከሳሽ ፊቱን አሳይቶ የሚቆም ሰው ነበር። ከተከሳሹ ጋር ልብስ ለልብስ ተቋጥሮ ወደ ዳኛ ይሄዳል፤ «ተጠየቅ» ብሎ ይሟገታል፤ ማር ወይም ፈረስ ይወራረዳል፤ ቢረታ ይከፍላል። ተከሳሹም ማን እንደከሰሰው ያውቃል።

ሌባው ሳይታወቅ ሲቀር ግን አፈርሳታ ይጠራል፤ አውጫጭኝም ይሉታል። የአገሩ ሰው ባንድ ስፍራ ይሰበሰባል፤ የቀረ ይቀጣል፤ ጥፋተኛው ካልተገኘ ጉዳቱን ሁሉም አዋጥቶ ይከፍላል። ያየውን በምሥጢር ለሽማግሎች የሚናገረው ሰው «ወፍ» ይባል ነበር። ውብ ስም ነው፤ የሚሸፍነው ግን ፍርሃትን ነው። ቢሆንም ወፉን ሽማግሎቹ ያውቁታል፤ መሐላም ያስሩታል።

«ጆሮ ጠቢ» ከዚህ ሁሉ የተለየ ፍጡር ነው። ጥጃ ጡት እንደሚጠባ የሰው ጆሮ የሚጠባ፣ የሰማውንም ለባለሥልጣን የሚያደርስ ነው። «አሳባቂ»ም የቅርብ ዘመዱ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የፋሺስት ወረራ ዘመን ደግሞ በጣሊያንኛ የታጠቀ ጭፍራን የሚያመለክተው «ባንዳ» ወደ አማርኛ ገባ፤ ብዙ ሳይቆይም አገሩን ለጠላት አሳልፎ የሚሰጥ ሁሉ መጠሪያ ሆነ።

ከሁሉ የከፋው ግን ክፉ ስም ያልወጣለት ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ «ማጋለጥ» የአብዮታዊነት ግዴታ ተደርጎ በቀበሌ ስብሰባ ተሰበከ። ቃሉ ከ«ገለጠ» የመጣ ንጹሕ ቃል ነበር፤ በዚያ ዘመን ግን ጎረቤት ጎረቤቱን፣ ባልንጀራ ባልንጀራውን ለጥይት አሳልፎ የሰጠበት ሆነ። ቂመኛ ያለ ውርርድ ከሰሰ፤ የተጋለጠውም «ተጠየቅ» የሚልበት ዳኛ አላገኘም።

«ጠቋሚ» የሚለው ቃል በዚህ ሁሉ ሲጠላ ኖሮ፣ የወንጀል ምስክሮችንና ጠቋሚዎችን ለመጠበቅ በወጣው አዋጅ ቁጥር 699/2003 የሕግ ከለላ አገኘ። ከጥበቃዎቹም አንዱ የጠቋሚውን ማንነት መሠወር ነው።