ከነጋድራስ ኬላ እስከ ክፍያ መንገድ

ከአዲስ አበባ በአቃቂ በኩል ወጥቶ ቱሉ ዲምቱ የደረሰ ባለመኪና ቆም ብሎ ካርድ ይቀበላል። አዳማ ሲደርስ ካርዱን መልሶ፣ እንደ መኪናው ዓይነትና እንደ ተጓዘው ርቀት፣ ሒሳቡን ይከፍላል። ይህን የክፍያ በር ሰው ሁሉ በእንግሊዝኛው «ቶል» እያለ ይጠራዋል። ለነገሩ የሚሆን የአማርኛ ስም ግን መኪና አገራችን ከመግባቱ በፊት ነበረን፤ ኬላ ይባላል።

ዛሬ ኬላ ሲባል ትዝ የሚለን ፍተሻ ነው፤ መታወቂያ፣ ሻንጣ፣ «ውረዱ» የሚል ድምፅ። ለሲራራ ነጋዴ ግን ኬላ ማለት ከሁሉ በፊት ቀረጥ ነበር። ኬላ የሚተከለው ነጋዴው ሊያልፈው በማይችልበት ቦታ ነው፤ በወንዝ መሻገሪያ፣ በተራራ በር፣ በገበያ መግቢያ። ቡናውን፣ ዝባዱን፣ ቆዳውን ወይም የጨው አሞሌውን በአጋሰስና በበቅሎ የጫነ ነጋዴ አንዱን ኬላ ከፍሎ ሲያልፍ የሌላው ባላባት ኬላ ይጠብቀዋል። እንደገና ይከፍላል። ብር ቢኖረው በብር፣ ባይኖረው ከጫነው ዕቃ ቆንጥሮ ይሰጣል። በኬላ በር ላይ ሲከራከሩ ቀናት መቆየት የተለመደ ነበር። ነጋድራስ የሚባለው ማዕረግም ከዚሁ ኑሮ የወጣ ነው። ነጋድራሱ መጀመሪያ የነጋዴዎች አለቃ ሆኖ ከኬላ ጠባቂዎች ጋር የሚደራደርላቸው ሰው ነበር፤ ኋላ ግን መንግሥት የሚሾመው የቀረጥ ሹም ሆነ። ለነጋዴው ይከራከር የነበረው ማዕረግ ነጋዴውን ማስከፈል ጀመረ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ። የጥንቱ ኬላ የሚያስከፍለው ስለ መንገድ አልነበረም። መንገድ የሚባል ነገር ብዙውን ጊዜ አልነበረምና! የበቅሎ ኮቴ የደለደለው ዱካ እንጂ ኬላ ጠባቂው አንድ ድንጋይ አላነሣም፤ ድልድይም አልሠራም። የሚከፈለው ለማለፍ ፈቃድ፣ ምናልባትም ከሽፍታ ለመጠበቅ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የምድሩ ጌታ ጌታ ስለ ሆነ ነበር።

የምድር ባቡር ሲመጣ ይህ ኑሮ ተናጋ። ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ ፈቃዱን ሰጡ፤ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። ያ ባቡር በመጀመሪያ ዘመኑ ሌሊት ስለማይጓዝ መንገደኛው ድሬዳዋና አዋሽ እያደረ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ለመድረስ ሦስት ቀን ይፈጅበት ነበር። ቢሆንም ከቅፍለት ጋር ምን አገናኘው? ባቡሩ ተራራና ወንዙን ሲያልፍ የየመንደሩን ኬላም አብሮ አለፈ። ቀረጡም በጥቂት ጣቢያዎች ተሰበሰበ። አዋቂው ገብረሕይወት ባይከዳኝ መጀመሪያ የዚህ ሐዲድ ተቆጣጣሪ፣ ቀጥሎም የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆነው የሠሩት በዚህ የሽግግር ዘመን ነው። የመንግሥትን ገቢና የሕዝብን ኑሮ አያይዞ የሚመረምረው ብዕራቸው በቀረጥ ጠረጴዛ አጠገብ መሳሉ የሚያስገርም አይመስለኝም።

ባቡሩ ኬላን ሲገድል ከተማ ወለደ። ቢሾፍቱ፣ ሞጆና አዳማ ያደጉት በጣቢያቸው ዙሪያ ነው። ደብረ ዘይትና ናዝሬት የተባሉትም፣ ወደ ቀድሞ ስማቸው የተመለሱትም፣ ባቡሩ ሲያልፍባቸው ነው። ጣሊያን በአምስቱ ዓመት የዘረጋቸው መንገዶች ከእርሱ መውጣት በኋላ ጠባቂ አጥተው ሲፈራርሱ መንግሥት በ1943 ዓ.ም. ከዓለም ባንክ አምስት ሚሊዮን ዶላር ለመንገድ ተበደረ፤ በዚያው ዓመትም አውራ ጎዳና ባለሥልጣንን አቋቋመ። የመጀመሪያዎቹ የሥራ መሪዎች ከአሜሪካ የመጡ የመንገድ ባለሙያዎች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ የጭነት መኪናው ከባቡሩ ሥራውን እየነጠቀ ሄደ፤ ከተሞቹም ፊታቸውን ከጣቢያው ወደ አስፋልቱ አዞሩ። ዱከም ላይ ቁርስ፣ ቢሾፍቱ ላይ ጋሪ፣ ሞጆ ላይ ወደ ደቡብ የሚታጠፍ አውቶቡስ፣ አዳማ ላይ ምሳ። አሮጌው መንገድ በከተሞቹ ሆድ ውስጥ ያልፍ ስለ ነበር መንገደኛው ሳይወድ በግዱ የከተማው እንግዳ ነበር።

ግን አንድ ጠባብ አስፋልት የስንቱን ሸክም ይችላል? ከ1990 ዓ.ም. በፊት አብዛኛው የአሰብ ጭነት፣ ከጦርነቱ ወዲህ ደግሞ የጅቡቲው፣ ወደ መሐል አገር የሚገባው በዚሁ መስመር ነው። ተሳቢ ያለው ከባድ መኪና፣ ሚኒባስ፣ ጋሪ፣ አህያና ትምህርት ቤት የሚሄድ ሕፃን አንዱን መንገድ ይካፈሉ ነበር። የአደጋውን ብዛት የማያስታውስ የዚያ መስመር ነዋሪ ያለ አይመስለኝም።

በ2002 ዓ.ም. የተጀመረው አዲሱ መንገድ የመጣው ለዚህ ነው። የቻይና ኩባንያ ሠራው፤ ከወጪውም ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከቻይና ኤክሲም ባንክ የተገኘ ብድር ነው። ከመጋቢ መንገዶቹ ጋር 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በያንዳንዱ አቅጣጫ ሦስት ሦስት መስመር አለው። ወጪው ከ11 ቢሊዮን ብር በላይ ነበር። በ2006 ዓ.ም. የክፍያ መንገዶች ኢንተርፕራይዝ ተቋቋመ፤ በመስከረም 2007 ዓ.ም. መንገዱ ተመረቀ። የአገሪቱ የመጀመሪያ የክፍያ ፈጣን መንገድ ይኸው ነው። ከሞጆ ወደ ሐዋሳ የሚሄደው ተከተለው፤ እስከ ባቱ ያለውም ክፍል ተከፍቷል።

ያኔ ብዙ ሰው «ለመንገድ ደግሞ ይከፈላል እንዴ?» ብሎ ተደነቀ። መደነቁ ትንሽ የዘገየ ነበር፤ በ1989 ዓ.ም. የመንገድ ፈንድ ከተቋቋመ ጀምሮ ከምንቀዳው ነዳጅ ላይ ለመንገድ ጥገና የሚሆን ገንዘብ ሲቀነስ ኖሯልና። አሮጌው መንገድም በነጻ አልነበረም፤ ክፍያው በማደያው ቧንቧ ስለሚያልፍ አላየነውም እንጂ። ደግሞም ከጥንቱ ኬላ ጋር ካነጻጸርነው የቱሉ ዲምቱው በር ሐቀኛ ነው ማለት ይቻላል፤ መጀመሪያ መንገድ ሠርቶ ነው እጁን የዘረጋው። አልከፍልም ያለም አሮጌውን መንገድ ይዞ መሄድ ይችላል። ሲራራ ነጋዴ እንዲህ ያለ ምርጫ አልነበረውም።

ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። የጥንቱ ኬላ ሰውን ያስቆም ነበር፤ ነጋዴው በሚያርፍበት ጠላ ይሸጣል፣ ገፈራ ይሸጣል፣ ገበያ ይቆማል። አዲሱ መንገድ ግን ከክፍያ በሮቹ በቀር መቆምን አይወድም። እግረኛ አይገባበትም፤ ጋሪና ከብትም አይገባበትም። መንገደኛው ዱከምን በአጥር ማዶ እያየ ያልፋል፤ ቢሾፍቱ ሐይቆች እንዳሏት የሚያስታውሰው በምልክት ሰሌዳ ነው። ለፍጥነትና ለሰው ሕይወት ሲባል እንዲህ መሆን አለበት፤ መሐንዲስ አይወቀስም። ይሁን እንጂ ከመንገዱ ጥግ ቆሎና ብርቱካን ይዛ ትሮጥ የነበረች ልጅ በዚህኛው መንገድ ላይ ቦታ የላትም።

ከአጥሩ ወዲያና ወዲህ ያለው ምድር ደግሞ ተራ ምድር አይደለም። አድኣ ነው፤ አዲስ አበባ በማኛ ጤፉ የምታውቀው አገር። መረሬው አፈር ለጤፍ የተመቸ፣ ለመንገድ ግን ክፉ ነው። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ መንገድ ሠሪ ቆፍሮ አውጥቶ በሌላ አፈር ይተካዋል። ማሳው ለሁለት የተከፈለበት ገበሬ ወዲያኛውን ጎን ለመድረስ ከመንገዱ ሥር የተሠራውን መሻገሪያ ፈልጎ በሬዎቹን ዞሮ ይነዳል። ማሳው ጨርሶ የተወሰደበት ግን መሻገሪያም አያሻውም።

ለእርሱ የተከፈለው በምን ስሌት ነበር? መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለ ሆነ የመሬቱ ዋጋ አልተቆጠረም። በሥራ ላይ የነበረው አዋጅ ቁጥር 455/1997 ነው። በቋሚነት ለተነሣ ባለይዞታ፣ በመሬቱ ላይ ካለው ንብረት ካሣ ሌላ፣ ከመነሣቱ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት ያገኘው አማካይ ዓመታዊ ገቢ በዐሥር ተባዝቶ ይከፈለው ይል ነበር። የዐሥር ዓመት ጤፍ በአንድ ጊዜ በብር። በኋላ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ዐሥሩን ወደ ዐሥራ አምስት ከፍ አደረገው። ያ አዋጅ ሲወጣ ቱሉ ዲምቱ ላይ ካርድ መቆረጥ ከተጀመረ አምስት ዓመት ያህል አልፎ ነበር።