በኮርኒስ ውስጥ በተቀበሩ መብራቶች ዙሪያ የሚያልፍ አየር

ኮርኒስ ተቆርጦ ወደ ውስጥ የተቀበረ መብራት በዳሩና በቆርቆሮ ቤቱ ቀዳዳዎች በኩል አየር ሊያሳልፍ ይችላል። ችግሩ የታወቀው በተለይ በአሜሪካና በካናዳ ቀዝቃዛ አካባቢዎች፣ ከኮርኒሳቸው በላይ የማይሞቅ ባዶ ቦታ ባላቸው ቤቶች ነው።

ነዋሪውን የሚያስቸግረው ብርዱ ቢሆንም፣ በበረዶ ወራት የባሰውን ጉዳት የሚያደርሰው ወደ ላይ የሚያመልጠው አየር ነው። ሞቃት አየር ወደ ላይ ወጥቶ በመብራቱ በኩል ሲያመልጥ፣ በምትኩ ቀዝቃዛ አየር ከታች በበርና በመስኮት ስንጥቅ ይገባል። ነፋስ ሲበረታ ወይም የወጥ ቤት አየር ማውጫ ሲሠራ ግን ብርዱ በራሱ በመብራቱ በኩል ሊወርድ ይችላል። ያመለጠው አየር የያዘው እርጥበት በቀዝቃዛው የጣሪያ እንጨት ላይ ውሃ ሆኖ ያርፋል፤ እንጨቱም በጊዜ ብዛት ይሻግታል። ሙቀቱ ደግሞ የጣሪያውን በረዶ ከሥር ያቀልጠዋል፤ ውሃው ጠርዙ ላይ ዳግም ሲረጋ እንደ ግድብ ሆኖ ወደ ቤት ያፈሳል።

አየር የሚያልፍበትን ለማወቅ በነፋሻ ቀን መብራቱን አጥፍቶ የሚጤስ ዕጣን ማስጠጋት ይበቃል፤ ጢሱ ይሳባል ወይም ይገፋል።

ቀዳዳዎቹን በጨርቅ ወይም በስፖንጅ መጠቅጠቅ ግን እሳት ሊያስነሳ ይችላል። የድሮው ባለ ሽቦ አምፖል ከሚወስደው ኃይል 90 በመቶ ያህሉን ወደ ሙቀት ይለውጣል፤ በብዙ አሮጌ መብራቶች ያሉት ቀዳዳዎችም ሙቀቱ እንዲወጣ የተተዉ ናቸው። እየበራ በራሱ የሚጠፋና ቆይቶ የሚበራ መብራት ብዙ ጊዜ ከመጠን በላይ መጋሉን እያመለከተ ነው።

በአሜሪካ «አይሲ» የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት የተጻፉበት መብራት የሙቀት መከላከያውን ጥጥ ሊነካ ይችላል፤ የሌለበት ግን ቢያንስ 3 ኢንች (7.6 ሳንቲ ሜትር) መራቅ አለበት። ይህ ምልክት ስለ ሙቀት እንጂ ስለ አየር አይናገርም፤ ገዢዎች ብዙ ጊዜ ያምታቱታል። አየር የማያሳልፍ ተብሎ የሚመደበው በ75 ፓስካል የግፊት ልዩነት ሲፈተሽ በደቂቃ ከ57 ሊትር ገደማ በላይ የማያሳልፈው ነው።

አስተማማኙ መፍትሔ ሁለቱንም የሚያሟላ መብራት መተካት ነው። አሮጌው የሚቆይ ከሆነ ከላይ እሳት በማይበላው ክዳን ይሸፈናል፤ የክዳኑ ሥር ከኮርኒሱ ጋር በማሸጊያ ይያያዛል፣ ከመብራቱም የታዘዘው ርቀት ይጠበቃል። ዙሪያው ጎማ ያለው የኤልኢዲ ክዳን ከክፍሉ በኩል መግጠም ይቀላል፤ ሙቀቱም አነስተኛ ነው። ይሁንና ኤልኢዲ አምፖል መግባቱ ብቻ የቆርቆሮ ቤቱን ምድብ አይለውጥም። በማናቸውም ሥራ አስቀድሞ መብራቱ ከቆጣሪው ማከፋፈያ ይቋረጣል።